«ነቃሁ» እና «ነቃሁበት»፦ ሕልም መሆኑን እያወቁ ስለ ማለምና ስለ ሕልም አተራረክ

መግቢያ

«ነቃ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ከእንቅልፍ መውጣትን ያመለክታል፤ «ከሕልሜ ነቃሁ» ስንል የምንጠቀመው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው የተሰወረን ነገር መረዳትን ያመለክታል፤ «ተንኰሉን ነቃሁበት» እንላለን። በመጀመሪያው አነጋገር ነቂው ከነበረበት ይወጣል። በሁለተኛው ግን ከነበረበት ሳይወጣ ያለበትን ያውቃል፤ ተንኰለኛውም ተንኰሉም አሁንም ከፊቱ ናቸው፤ የተለወጠው የእሱ አስተያየት ብቻ ነው።

ሰው ተኝቶ ሕልም እያየ፣ የሚያየው ነገር ሕልም መሆኑን የሚያውቅበት ጊዜ አለ። እንቅልፉ አልተቋረጠም፤ ሕልሙም አልቆመም፤ ሆኖም ነቅቶበታል። ለዚህ ዓይነቱ ሕልም በዚህ ጽሑፍ «ንቁ ሕልም» የሚለውን ስያሜ እጠቀማለሁ። ገጠመኙ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የ50 ዓመት ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ሥራ፣ ከተጠየቁት ሰዎች 55 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሕልም እንዳዩ አመልክቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ እንቅልፍ ሳይንሳዊ ትንተና ማቅረብ አይደለም። የማነሣው ጥያቄ የአተራረክ ጥያቄ ነው፤ ሕልም መሆኑን እያወቀ የሚያልም ሰው ሕልሙን እንዴት ይተርከዋል? ይህስ ስለ ልብ ወለድ ምን ያስተምረናል? ለዚህም ሦስት ዓይነት ምንጮችን እመለከታለሁ፤ በግእዝና በአማርኛ የምናውቃቸውን ጥንታውያን ጽሑፎች፣ ንቁ ሕልም አየን ያሉ ሰዎች የተዉትን ምስክርነት፣ በመጨረሻም የራሴን የሕልም ማስታወሻ። ልከራከርለት የምሻው ሐሳብ አንድ ነው። ማወቅ ሕልምን አይሽረውም። ከዚህም የተነሣ፣ ሕልምን በ«ነቃሁ» የሚሽር ድርሰት አንባቢውን ያቃልላል።

በልማድ ያለው አተራረክ

በአማርኛ ሕልም «ይታያል»። ሕልሙን የሚነግረን ሰው «ከገደል ስወድቅ አየሁ» ይላል። በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት «እኔ»ዎች አሉ፤ የሚወድቀውና የሚያየው። የሚወድቀው ይፈራል፤ የሚያየው ግን የተናገረው በማግሥቱ ጧት፣ ቡና እየተፈላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚፈጥረው መንቃት ነው። ባለ ሕልሙ ከነቃ በኋላ ብቻ ተራኪ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስተኛ ሰው ይመጣል፤ እሱም ፈቺው ነው። ሕልም እንደ ቅኔና እንደ እንቆቅልሽ «ይፈታል»። ሰሚው አስቀድሞ «መልካም ያድርገው» ይላል፤ ከዚያም ይፈታዋል። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያሳየን፣ በልማዳችን የሕልሙ ባለቤትነት ከሚያየው ይልቅ ወደሚፈታው ያደላ መሆኑን ነው። ልብ ወለድም ይህን ልማድ ተቀብሎ ሕልምን በአብዛኛው ለንግር ይገለገልበታል። ገጸ ባሕርዩ ያያል፤ አንባቢው ይፈታል፤ ታሪኩ ደግሞ ፍቺውን ያረጋግጣል።

በፈጠራ ድርሰት ክፍል የተማሪዎቼን አጫጭር ልብ ወለዶች ሳነብ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ሌላ አጠቃቀም ግን አለ። ባለ ታሪኩ ይታሰራል፤ ይፈረድበታል፤ እናቱን ሳይሰናበት ወደ መገደያው ይወሰዳል፤ ጠመንጃው ሲነጣጠርበት «በላብ ተጠምቄ ነቃሁ» ይላል። ታሪኩ በዚሁ ያበቃል። ይህ አጨራረስ ደካማ መሆኑን ሁላችንም እንስማማበታለን፤ ለምን ደካማ እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እውነት መስሎን የነበረው ሕልም ሆኖ በመገኘቱ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ አያጠግብም። አንባቢው ታሪኩ እውን አለመሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያውቃል። «አጭር ልብ ወለድ» ተብሎ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ነው ለእስረኛው ያዘነው። እንግዲህ ደራሲው በመጨረሻ «ይህ ሁሉ እውን አልነበረም» ሲለው፣ የሚያውቀውን ነገር እንደ ምሥጢር እየነገረው ነው። ከዚህም በላይ ሐዘኑን ከንቱ ያደርግበታል። ስለዚህ የልብ ወለድ አንባቢ ራሱ በአንድ በኩል የንቁ ሕልም ባለቤት ነው፤ እያወቀ ያዝናል፣ እያወቀ ይፈራል።

ጥንታውያኑ ጽሑፎች

በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኛቸው ሕልሞች አብዛኞቹ «ነቃሁ» በሚለው ወገን ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ፈርዖን ላሞቹንና እሸቶቹን ያያል፤ ያየው ሕልም መሆኑ የሚነገረን ከነቃ በኋላ ነው፤ ፍቺው ደግሞ ከዮሴፍ ይመጣል። ያዕቆብም በምዕራፍ 28 መሰላሉን አይቶ፣ ስፍራው የእግዚአብሔር መሆኑን ያወቀው ከነቃ በኋላ ነው። ማየትና ማወቅ በመንቃት ድንበር ተለያይተዋል።

መጽሐፈ ሄኖክም ከዚህ አንጻር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሙሉ ቃሉ የተጠበቀልን በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ ከምዕራፍ 83 እስከ 90 ያለው ክፍል ሁለት የሕልም ራእዮችን ይዟል። ሄኖክ ሁለቱንም ለልጁ ለማቱሳላ ይተርክለታል። የመጀመሪያውን ያየው ጽሕፈት በሚማርበት ጊዜ፣ በአያቱ በመላልኤል ቤት ተኝቶ ሳለ ነው። ሰማይ በምድር ላይ ሲወድቅ አይቶ ይጮኻል፤ አያቱም ቀስቅሶ ለምን እንደጮኸ ይጠይቀዋል። እዚህ ላይ የሕልሙ ድምፅ ድንበር አልፎ ወደ ቤቱ ገብቷል። መንቃት ግን ፍርሃቱን አልሻረውም፤ አያቱ ሕልሙን አቃልሎ «ተኛ» አላለውም፤ ተነሥቶ እንዲጸልይ ነው ያዘዘው። ከላይ ካየነው የተማሪ አጨራረስ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለሄኖክ መንቃት የታሪኩ መካከል እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

በክብረ ነገሥት ንጉሥ ሰሎሞን ከንግሥቲቱ ጋር ባደረበት ሌሊት፣ በእስራኤል ላይ ታበራ የነበረች ፀሐይ ወደ ኢትዮጵያ ምድር ስትሄድ ያያል። ሰሎሞን በዚህ ሕልም ውስጥ ተመልካች ብቻ ነው፤ ምንም አይመርጥም፣ ምንም አያደርግም። የነገሩ ክብደት የሚገለጠው ልጁ ከሄደ በኋላ፣ ሕልሙን ለካህኑ ለሳዶቅ ሲነግረው ነው። ይህ የተሟላ ንግር ነው።

ይኸው ሰሎሞን ግን ሌላ ሕልም አለው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 እግዚአብሔር በገባዖን በሕልም ተገልጦለት የሚሻውን እንዲለምን ይጋብዘዋል። ሰሎሞን ረጅም ዕድሜ፣ ባለጠግነት፣ ወይም የጠላቶቹን ነፍስ አልለመነም፤ አስተዋይ ልቡና ለመነ። ከዚያም ነቃ፤ ሕልምም ሆኖ አገኘው። በጽሑፉ ውስጥ ሰሎሞን ሕልም መሆኑን እያወቀ እንደለመነ የሚናገር ቃል የለም። ሆኖም ይህ ሕልም ከሌሎቹ በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያል። በሕልም የተደረገው ምርጫ እንደ ምርጫ ተቈጥሮለታል። ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ታሪክ የሁለቱ ሴቶች ፍርድ ነው፤ በሕልም የለመነው ማስተዋል በውኑ ሥራ ሲሠራ እናያለን። ፈቺ አልመጣም፤ የሚፈታም ነገር የለም። የሕልሙ ጥያቄ «ይህ ምን ማለት ነው?» ሳይሆን «አንተ ምን ትላለህ?» የሚል ነበርና። የንቁ ሕልም ዋነኛ ጥያቄም ይኸው ነው።

የባለ ሕልሞቹ ምስክርነት

ንቁ ሕልምን በግልጽ ከሚተርኩ ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ አውግስጢኖስ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለኤዎድዮስ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ጌናድዮስ የተባለ ሐኪም ከሞት በኋላ ሕይወት መኖሩን ይጠራጠር ነበር። በአንድ ሌሊት መልከ መልካም ወጣት በሕልሙ ወደ አንዲት ከተማ ይመራዋል። በሌላ ሌሊት ወጣቱ ተመልሶ ይመጣና በጥያቄ ይይዘዋል። ታውቀኛለህን? የት አየኸኝ? አሁንስ የምታየኝ በውንህ ነው ወይስ በእንቅልፍህ? ሥጋህ የት አለ? ጌናድዮስም ተኝቶ መሆኑን፣ ሥጋው በአልጋው ላይ መሆኑን ይመልሳል። ወጣቱም፣ ዐይኖችህ ተከድነው እንዲህ ካየህ፣ ከሞትህም በኋላ የምታይበት አለህ ብሎ ይደመድማል። አቀራረቡ በጥያቄና መልስ የሚሄድ ትምህርት ነው። ማወቁ ግን ከባለ ሕልሙ የመነጨ አይደለም፤ በጠያቂው ተመርቶ የደረሰበት ነው። ፈቺው ከውጭ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልቀረም።

በራሱ የነቃበትን ሰው የምናገኘው ዘግይተን ነው። ፈረንሳዊው የቻይና ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ምሁር ኤርቬ ደ ሴን ደኒ ከልጅነቱ ጀምሮ ሕልሞቹን ሲመዘግብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ስለ ሕልሞችና እነርሱን ስለ መምራት ዘዴ መጽሐፍ አሳተመ። ከሙከራዎቹ አንዱ የራሱን ሞት በሕልም ማየት ነበር። ሕልም መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከረጅም ሕንፃ ላይ ራሱን ወረወረ። ያገኘው ግን ሞትን አልነበረም፤ ከታች ከሕዝብ መካከል ቆሞ፣ የወደቀ የሌላ ሰው ሬሳ ሲነሣ ያይ ጀመር። ፈቃዱ ሕልሙን ጀመረው፤ ሕልሙ ግን የራሱን መንገድ ሄደ።

ሆላንዳዊው ፍሬዴሪክ ቫን ኤደን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ሐኪም ብቻ ሳይሆን ልብ ወለድ ጸሐፊም ነበርና። ዛሬ በዓለም የሚሠራበትን፣ «ብሩህ» ወይም «የጠራ» የሚል ትርጉም ያለውን የንቁ ሕልም ስያሜ ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1913 ባቀረበው ጽሑፍ ነው። ከ1898 እስከ 1912 ባሉት ዓመታት 352 እንዲህ ያሉ ሕልሞችን መዝግቧል። በዚሁ ጽሑፉ እንደገለጸው፣ ነገሩን አስቀድሞ በልብ ወለድ ያቀረበው ረቂቅ ጉዳዮችን በነጻነት ለመናገር ስለሚያመች ነበር። ከትዝብቶቹ አንዷን ልጥቀስ። በሕልሙ አንድ የመስታወት ብርጭቆ በእጁ ይሰብር ዘንድ ሞከረ፤ አልተሰበረም። ጥቂት ቆይቶ ዘወር ብሎ ሲያይ ተሰብሮ አገኘው። ሕልሙ ተራው ሲደርስ እንደ ዘገየ ተዋናይ ሆነበት። ዓለሙ በብልሃት የተሠራ አምሳል መሆኑ የታወቀው በዚያች ጥቂት መዘግየት ነው።

የእነዚህ ሰዎች ቃል ለረጅም ጊዜ በብዙዎች ዘንድ በጥርጣሬ ይታይ ነበር፤ ተኝቶ ማወቅ የሚቃረን ነገር ይመስላልና። እ.ኤ.አ. በ1975 ኪት ሂርን በእንግሊዝ በሃል ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም ስቲቨን ላበርጅ በአሜሪካ በስታንፎርድ፣ ባለ ሕልሙ አስቀድሞ በተስማሙበት መሠረት ዐይኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማንቀሳቀስ ከእንቅልፉ ውስጥ ምልክት እንዲሰጥ አደረጉ። በሕልም ጊዜ የሰውነት ጡንቻዎች ሲፈቱ ዐይን ግን ስለሚንቀሳቀስ ምልክቱ በመሣሪያ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በአራት አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ አንዳንድ ባለ ሕልሞች ተኝተው ሳሉ ለቀረቡላቸው ቀላል የሒሳብ ጥያቄዎች በዚሁ ዓይነት ምልክት እንደመለሱ አሳተሙ። ለሥነ ጽሑፍ ሰው የዚህ ግኝት ትርጉም ግልጽ ነው። ተራኪው ለመተረክ ጧትን መጠበቅ አላስፈለገውም።

ከራሴ ማስታወሻ

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በራስጌዬ ደብተርና እርሳስ አኖራለሁ። በደብተሩ ከሠፈሩት ሕልሞች ንቁ የምላቸው 11 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱን፣ ከሌላ ዓይነት ገጠመኝ ደግሞ አንዱን አቀርባለሁ።

በመጀመሪያው ሕልም የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ተማሪው «ሕልም» የሚለውን ቃል በሐመሩ «ሐ» ጽፎታል። እሰየው ብዬ ቀጥዬ ተመልሼ ሳየው በሃሌታው «ሀ» ሆኗል። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው በብዙኃኑ «ኀ» ተጽፏል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ስንከራከር የኖርን የአማርኛ መምህራን ይህ ሕልም ለማን እንደሚገባ እናውቃለን። ያነቃብኝ ግን የፊደሉ መሳሳት አልነበረም፤ ወረቀት ራሱን በራሱ የማያርም መሆኑ ነው። ሕልም መሆኑን እያወቅሁ ማረሜን ቀጠልሁ። አሁን ስለዚያ ሕልም የሚደንቀኝ ይህ ነው። እርማቱ ዋጋ እንደሌለው እያወቅሁ፣ ለተማሪው ያለ አግባብ ነጥብ እንዳልቀንስበት እጠነቀቅ ነበር።

ሌላው ገጠመኝ ዱካክ ነው። ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልሁበት፣ ክፍሌን እያየሁ፣ ከውጭ የሚጫወቱትን ልጆች ድምፅ እየሰማሁ፣ አንድ ከባድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ። መጮኽም መንቀሳቀስም አልቻልሁም። ሐኪሞች የሚሰጡት ማብራሪያ፣ በሕልም ጊዜ የሚፈታው ሰውነት ሳይመለስ አእምሮ ቀድሞ መንቃቱ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ የግሱ አገልግሎቶች በተቃራኒው ይለያያሉ። በንቁ ሕልም ሰው ሳይነቃ ይነቃበታል። በዱካክ ግን ነቅቶ ሳለ አይነቃበትም፤ ዐይኑ ተከፍቶ የተጫነውን ነገር እውን ያደርገዋል። እንግዲህ መንቃት ብቻውን ዕውቀት አይደለም። «ነቃሁ» የሚለውን ቃል የእውነት በር አድርጎ የሚወስድ ደራሲ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ሁለተኛው ንቁ ሕልም የአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በሕልሜ ጋቢውን ተከናንቦ ከደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እንዳየሁት፣ መሞቱን ስለማውቅ፣ ሕልም መሆኑን ነቃሁበት። ልቤ አልቀዘቀዘም፤ እንዲያውም ጊዜው አጭር መሆኑን በማወቄ ቸኰልሁ። በሕይወቱ ሳለ ሳልጠይቀው የቀረሁትን ነገር፣ የአያቱን እናት ስም ጠየቅሁት። «አንተ ታውቀዋለህ» አለኝ። አላውቀውም ነበር። ሕልሙ ከእኔ ዘንድ የሌለውን ሊሰጠኝ አልቻለም፤ የፈረንሳዊው ምሁር ሕልም ሞትን ሊያሳየው እንዳልቻለ ሁሉ። ከዚያም «ደግሞ ምነው እንዲህ ታየኛለህ?» ሲል ጠየቀኝ። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል» ማለት እችል ነበር። የሚጐዳው አባቴ አለመሆኑን፣ በፊቴ ያለው የራሴ ትዝታ መሆኑን በሚገባ አውቄአለሁ። አላልሁትም። «ናፍቀውኝ ነው» አልሁት።

ይህን ሕልም ለፈቺ ልንገረው ብል ምን ይፈታልኛል? ሞቶ የታየ ሰው ይህን ያመለክታል፣ ጋቢ ያንን ያመለክታል ይለኝ ይሆናል። የሕልሙ ቁም ነገር ግን በጋቢው አይደለም፤ ባልተናገርሁት ቃል ነው። ያ ዝምታ የእኔ ምርጫ ነበር፤ በውኔም ልጠየቅበት እችላለሁ።

ለልብ ወለድ የሚኖረው ትርጉም

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ባለ ሕልሙ ካወቀና ሕልሙን ከመራ ግጭት ይጠፋል፤ ምሥጢሩም ይገፈፋል፤ ስለዚህ ለትልም አይጠቅምም የሚል ነው። የተቃውሞው መነሻ ማወቅንና ማዘዝን አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። የቫን ኤደን ብርጭቆ በታዘዘበት ጊዜ አልተሰበረም። አባቴም የጠየቅሁትን አልመለሰም። ንቁ ሕልም ባለ ሕልሙ የሚያዝበት መንግሥት ሳይሆን፣ እያወቀ የሚሠራበት ጠባብ ስፍራ ነው። ግጭት ከዚህ የተሻለ መቼት አያገኝም።

ይህን መሠረት በማድረግ ሕልምን በድርሰት ውስጥ ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዕውቀቱ የሚመጣው መቼ ነው? በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከመጣ መዝጊያ ነው፤ በመካከል ከመጣ ግን ትልሙን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ ገጸ ባሕርዩ ካወቀ በኋላ ምን ያደርጋል? ሰው ማንነቱን የሚያሳየው ማንም በማያየው፣ ምንም በማይቀርበት ስፍራ በሚያደርገው ነውና፣ ለገጸ ባሕርይ አሣሣል ከዚህ የሚበልጥ አጋጣሚ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ሕልሙ ካለፈ በኋላ ምን ይቀራል? ለሄኖክ ጸሎት ቀርቶለታል፤ ለሰሎሞን ፍርድ። በላብ ተጠምቆ ለነቃው ባለ ታሪክ ግን ከላቡ በቀር የቀረለት የለም።

የቋንቋው ነገርም አለ። «ስወድቅ አየሁ» የሚለው አተራረክ ሁለቱን «እኔ»ዎች በጊዜ ይለያያቸዋል። «እየወደቅሁ ነበር፤ ሕልም መሆኑንም አውቅ ነበር፤ እፈራም ነበር» የሚለው ግን በአንድ ጊዜ ያቆማቸዋል። ሦስቱ «ነበር»ዎች ጐን ለጐን ሲቆሙ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። አማርኛ ለዚህ የሚያንሰው ቃልም ሆነ ሰዋስው የለም፤ ያልተለመደው አጠቃቀሙ ነው።

በዚህ ምክንያት በፈጠራ ድርሰት ክፍል አንድ መልመጃ እሰጣለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። በ«ነቃሁ» ያለቀ ታሪክ ለተማሪው ይመለስለታል፤ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርም ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ወጥታ «ነቃሁበት» ተብላ ትጻፋለች። ጠመንጃው ገና አልተነጣጠረም፤ እናቱም ገና ከበሩ ላይ ቆማለች፤ ባለ ታሪኩ ሕልም መሆኑን አውቋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ተማሪው እንደገና ይጽፈዋል።